በመስኮቱ ላይ የቆመው ደም

ተናገሪ ያሉኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው። ለክረምት ዕረፍት መጥተው ቤቱን ሲያጸዱ የአያታቸውን ፎቶ ከግድግዳው አውርደው ይወለውላሉ፤ ትንሿ መስታወቱን እንደያዘች ቀና ብላ፣ «እማማ፣ አባባ አፍንጫው ምን ሆኖ ነው እንዲህ የጎደጎደው?» አለችኝ። ድሮ ልጆች ሲጠይቁን በቅሎ ረግጣው ነው እንል ነበር። ያችን በቅሎ የፈጠራት እሱ ራሱ ነው፤ ቀለሟንና አመሏን ሳይቀር ይናገር ነበር። ለነዚህኞቹ ግን በቅሎዋ አልበቃችም። ታላቅየዋ የምታጠናው ላቦራቶሪ ስለሆነ የደም ነገር ሲነሳ ሥራዋን ትታ ታዳምጣለች። ንገሪን፣ ካልሆነም ጻፊልን አሉ።

ጽሕፈቱ ለኔ ቀላል አይደለም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ አዝዬ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት ደጅ አልደረስኩም። እጄ ይዘገያል። ነገሬም ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ እንደ ፍየል ከመንገዱ ዳር ያገኘውን እየቀጠፈ ነው የሚሄደው። ታግሣችሁ ተከተሉኝ።

አያታችሁ የገረሴ፣ የጋሞ ደጋ ሰው ነው፤ እኔም የዚያው ነኝ። የአባቱ ቤት ከአባቴ ቤት ከፍ ብሎ ነበር፤ ጉሙ ሲወርድ መጀመሪያ የነሱን እንሰት ሸፍኖ ነው ወደኛ የሚደርሰው። ከተጋባን በኋላ መሬቱ ለወንድማማቾቹ ሁሉ አልበቃ አለ። እሱ በኩር ሆኖ ሳለ ለታናናሾቹ ለቀቀላቸውና ወደ ቆላ ወረድን። ያን ጊዜ የደጋ ሰው አርባ ምንጭን የሚያውቃት በወባዋ ነበር፤ እናቱ ስንሰናበታት እንደ ሞተ ሰው አለቀሰችልን። እኛ ግን ኩልፎ ወንዝ ዳር ሥራ አገኘን፤ ከርመንም የራሳችንን ሙዝ ተከልን። ሙዝና እንሰት ይመሳሰላሉ፣ ቅጠላቸውን ከሩቅ ያየ ሰው አይለያቸውም። አያታችሁ «ሙዝ ማለት ለሰው ያዘነ እንሰት ነው» ይል ነበር፤ አትፍቀው፣ አትቅበረው፣ ዓመት አትጠብቀው፣ ልጠህ ብላው ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ ከገረሴ በአይሱዙ የሚወርደውን ቆጮና ቡላ ተቀብዬ እዚያው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ እሸጥ ነበር። ቡላውን ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው አፍንጫው የጀመረው። መጀመሪያ ጉንፋን አልነው። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ደም የለወሰው ቅርፊት ይወጣው ጀመር። የቆላ ሙቀት ነው አሉን፤ አንዱ ጎረቤት ሎሚ አዘዘ፣ ሌላው ጠበል። ቀጥሎ ጉልበቱ አበጠ፣ ዓይኑ ቀላ፣ ቅልጥሙ ላይ እንደ ምስር ያለ ቀይ ነጠብጣብ ወጣበት። ወባ ነው ተብሎ የወባ መድኃኒት ዋጠ። ሲያስል ደም ሲመጣበት ሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ፤ የዚያንም መድኃኒት ጀመረ። በዚህ መሃል ነው አፍንጫው ከመካከሉ እየሰመጠ የሄደው። አንድ ቀን ሙዝ ስንጭን አንድ ጋሪ ነጂ፣ «አንተ፣ አፍንጫህን የት ጣልከው?» ቢለው፣ «ኩልፎ ወሰደብኝ፤ ጫሞ ሐይቅ ላይ ካገኘኸው ላክልኝ» አለው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ የያዝኩትን ሙዝ አስቀምጬ ወደ ጥላው ሄድኩ።

በመጨረሻ ገና ከትምህርት የወጣ አንድ ሐኪም ሽንቱን አስመርምሮ አዲስ አበባ ሂዱ አለን። ሄድን። እዚያ የተቀበለችን ሐኪም ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። በሽታውን ሳትጠይቅ መጀመሪያ ሥራውን ጠየቀችው። የሙዝ ማሳ አለኝ አላት። ማሳውን ማን ይጠብቃል አለችው። ከርከሮና ጉማሬ እንዳይገባ ዘበኛ አለን አላት።

«እንግዲህ የእርስዎ ዘበኛ ተሳስቷል» አለችው። ሰውነት ውስጥ በሽታን የሚጠብቅ ዘበኛ አለ፤ የእርስዎ ግን የገዛ ራስዎ የደም ሥሮች ጠላት መስለውት እነሱን እየመታ ነው፤ አፍንጫውን መትቶ ጨርሷል፣ ሳንባውን ጀምሯል፣ ኩላሊቱ ጋ ደርሷል ብላ አስረዳችን። የበሽታውን ስም ብትነግረንም ምላሴ አልያዘውም። ዘበኛውን የሚያስተኛ ብርቱ ክኒን ሰጠችው፤ ሌላም ፕሬድኒሶሎን የሚሉት ክኒን አለ። ብዙ ሰንብተን ስንመለስ ሳሉ ቆሟል፣ የጉልበቱ እብጠት ጎድሏል፤ ፊቱ ግን በዚያ ክኒን አብጦ ክብ ሆነ። እንግዲህ የኛ ሰው ሲወፍር ያየውን መርቆ ነው የሚያልፈው። ሲቀላ ላይ ያየው ሁሉ አማረብህ፣ አዲስ አበባ ተስማማህ ይለዋል። እሱም «አፍንጫዬን ሸጬ ጉንጭ ገዛሁ» ይላል።

ከመምጣታችን በፊት ግን የጠየቃትን ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ከዚያ ነውና። ሐኪሟ ደሙን ወደ ውጭ አገር በሚሄድ ሰው እጅ ልካ አስመርምራው ነበር። የዚያ የተሳሳተ ዘበኛ ምልክት ደም ውስጥ ይገኛል፣ አዲስ የታወቀ ነገር ነው አለችን። መልሱ ዘግይቶ መጣ፤ ምልክቱ ደሙ ውስጥ አለ የሚል ነው። ያኔ አያታችሁ ሳቁን ትቶ ጠየቃት።

«በሽታው ሊመለስ ሲል ይኸ ምልክት አስቀድሞ ይነግረናል?»

«አንዳንዴ ይነግራል» አለችው። «አንዳንዴ ምልክቱ ይጨምርና በሽታው ሳይመጣ ይቀራል። አንዳንዴም በሽታው ምንም ሳይናገር ይመጣል። እኛም ገና እየተማርን ነው፤ ልዋሽዎት አልችልም።»

ደግሞም እሱን ምርመራ በየወሩ ውጭ አገር እየላክን ልናየው አንችልም፣ አገራችሁ ሆናችሁ በሌላ ቀላል ምርመራ ጠብቁት አለችን። በቱቦ የሚታይ የደም ምርመራ ነው። ደሙ ቱቦው ውስጥ ፈጥኖ ከዘቀጠ፣ እዚህ ምልክት ድረስ ከወረደ፣ ምንም ሕመም ባይሰማዎት፣ ቢጨፍሩም እንኳ፣ በማግሥቱ አውቶቡስ ይያዙ አለችው። በሽታው ቀድመው ከደረሱበት ይገታል፤ ከዘገዩ ሳንባ ይዞ ነው የሚመጣ። ቱቦውም ሁልጊዜ እውነት አይናገርም፤ ግን ይምጡ። ሁለታችንም ሰማን። እኔ «ይምጡ» ያለችውን ይዤ ወጣሁ፤ እሱ ደግሞ «ሁልጊዜ እውነት አይናገርም» ያለችውን።

ሲቀላ ገበያ ጀርባ ያን ጊዜ አንድ ትንሽ የግል ላቦራቶሪ ተከፍቶ ነበር፤ ዛሬ የለም፣ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። ባለቤቱ ከቀድሞው ጦር የተበተነ፣ ጦር ሜዳ ደም ሲመረምር የኖረ፣ ከሰሜን መጥቶ እኛው ጋ የቀረ ሰው ነው። አያታችሁ ገና ባየው ቀን «ሻምበል» አለው። ሰውዬው አፍሮ፣ ኧረ እኔ አሥር አለቃ ነበርኩ ቢለው፣ «እኔ ሾሜሃለሁ፤ መንግሥት ሲለወጥ ሹመትም ይለወጣል» አለው። ከዚያ ወዲያ ገበያው ሁሉ ሻምበል እያለ ጠራው።

ምርመራው እንዲህ ነው። ሻምበል ከክንዱ ደም ይቀዳል። እንዳይረጋ ውሃ ከመሰለ መድኃኒት ጋር ይደባልቅና እንደ ቀጭን ሸምበቆ ባለ የመስታወት ቱቦ ይሞላዋል። ቱቦውን በእንጨት ማቆሚያ መስኮቱ ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ከዚያ አንድ ሰዓት መጠበቅ ነው። ደሙ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ከላይ የገለባ ቀለም ያለው ጥርት ያለ ውሃ ይቀራል። መጨረሻ ላይ ቱቦው ላይ የተሰመረውን ቁጥር አይቶ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ወረቀቱን ለአያታችሁ ይሰጠዋል፤ እኔ ቁጥር ላይ ደካማ ነኝ፣ ዛሬም ነኝ። ቱቦውን ግን በርጩማ ስቤ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ አየዋለሁ። የሚዘቅጥ ነገር ማየት የለመድኩት ሥራ ነዋ።

ቡላ ያልኳችሁ እዚህ ላይ ነው። እንሰት ተፍቆ ሲጨመቅ ነጭ ውሃ ይወርዳል። ያን ውሃ ሳትነኪ ታስቀምጪዋለሽ፤ ነጩ ወደ ታች ይወርድና ከላይ ጥሩው ውሃ ይቀራል፣ እሱን ቀስ ብለሽ ታፈሺዋለሽ። ከሥር የቀረው ቡላ ነው። የደረሰ፣ ጤነኛ እንሰት ከሆነ ፈጥኖ ይዘቅጣል፣ ጠጥሮ ይቀመጣል። ልጅ እንሰት ወይም የታመመ ከሆነ ውሃው እንደደፈረሰ ይውላል። እናቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ጀምራ ዕቃው አጠገብ አስቀምጣ እዪ ትለኝ ነበር። እንግዲህ መጀመሪያ ቀን የአያታችሁን ደም መስኮቱ ላይ ሳየው፣ ገና አንድ ጊዜ ከመዞሬ ወርዶ ወርዶ ከላይ ጥሩ ውሃ ትቷል። ደስ አለኝ። ሻምበል ፊት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ደምህ ጥሩ ቡላ ነው» አልኩት።

ሻምበል ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «እትዬ፣ እዚህ ቤት ነገሩ ተገልብጧል» አለኝ። «ቡላ ሲቸኩል ጥሩ ነው፤ ደም ሲቸኩል ግን መጥፎ ነው። ቀስ ሲል ነው ደስ ሊልዎት የሚገባው።»

እኔ አፈርኩ፤ አያታችሁ ግን ይህን ወሬ ገረሴ ድረስ አደረሰው። ደም ለማሳየት በሄድን ቁጥር «ሻምበል፣ ዛሬ ቡላው ምን ይላል?» ነው። እኔም ተምሬዋለሁ። ክኒኑ እየሠራ ሲሄድ ደሙ ቀስ እያለ፣ ወር በወር ከፍ ብሎ መቆም ጀመረ። ከወረቀቱ በፊት እኔ ነበርኩ የማውቀው። ሻምበል ቁጥሩን ከመናገሩ በፊት ዘወር ብሎ «እትዬ ምን ይላሉ?» ይለኛል፤ ልክ ነበርኩ አብዛኛውን ጊዜ።

ከዚያ ያ ጥርስ መጣ።

አንድ ወር ደሙ ድንገት ወረደ። እሱ ምንም አልታመመም፤ ሙዝ ሲቆርጥ ነው ከማሳ የመጣው። ሐኪሟ እንዳለችው በማግሥቱ አውቶቡስ ያዝን። የዚያን ጊዜ መንገድ ዛሬ አይደለም፤ ዝናብም ነበር፣ ሶዶን አልፈን ጭቃ ይዞን ዋልን። አዲስ አበባ ስንደርስ ሐኪሟ ሳንባውን በራጅ አየች፣ ሽንቱን አየች፣ ዓይኑን አየች፤ ሁሉም ደህና። በመጨረሻ አፍዎን ይክፈቱ አለችው። ከኋላ አንድ የበሰበሰ ጥርስ መግል ይዞ ተቀምጧል። እሱን ሲነቅሉለት የደሙም ችኮላ ቆመ። ነግሬያችሁ ነበር አለች፣ ደም ሲቸኩል ምን እንዳስቸኮለው ለይቶ አይናገርም።

ደስ ብሎን ተመለስን። አርባ ምንጭ መናኸሪያ ስንወርድ ታናሽ ወንድሙ ፀጉሩን ተላጭቶ ቆሞ ነበር። እናታቸው ሞታ ተቀብራለች። ስልክ የለ፣ የት እንደምናድር የሚያውቅ የለ፣ ጠብቀው ጠብቀው ቀበሯት። እናንተ ልጆች ምን ያህል እንደሆነ አይገባችሁም ይሆናል። ጋሞ ውስጥ በኩር ልጅ እናቱን ራሱ ነው የሚቀብረው፤ ለቅሶው ፊት የሚቆመው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ቦታው ባዶ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ሰው ሁሉ ያን ባዶ ቦታ ሲያይ ይውላል። አያታችሁ መናኸሪያው ላይ መሬት ቁጭ አለ። «ለአንድ ጥርስ ብዬ እናቴን ሳልቀብር ቀረሁ» አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ ቡላው መቀለድ ተወ።

ልብ በሉ፣ ምርመራውን አልተወም። ወር በወር ሄድን። ግን በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ደሙን ሳይ እሱ ደጅ ወጥቶ ከሰው ጋር ያወራል። በዓመቱ ሐኪሟ ክኒኑን ቀነሰችለት፤ ፊቱም ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ሰዎች ምነው ከሳህ፣ ምን ነካህ ይሉት ጀመር፤ ሲታመም ያመሰገኑት ሲድን አዘኑለት።

በዚያው ዓመት የእናንተ እናት ገረሴ ተዳረች። ማስቃላ ሲመጣ፣ እናንተ መስቀል የምትሉት፣ ሶፌዋ ነው። ሶፌ ማለት አዲስ ሙሽራ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ፣ አምሮባት፣ ዘመድ አጅቧት ገበያው መሃል ወጥታ ለሕዝብ የምትታይበት ቀን ነው። ሰው ሁሉ ያያታል፣ ይመርቃታል፤ ከዚያ ቀን ጀምራ የዚያ አገር ሴት ትሆናለች። አባቷም ቆሞ ያያታል። አያታችሁ ከፋሲካ ጀምሮ የሚያወራው ስለዚያ ቀን ነበር። በእናቴ ቀብር ባዶ የቀረችውን ቦታ ሰዎቹ አይተዋል፣ አሁን እኔን ቆሜ ይዩኝ አለኝ አንድ ቀን፣ ሙዝ እያጠጣን።

እኔ ግን ደሙን ሳናይ አንወጣም አልኩት። ደሙ ከቸኮለ ወደ አዲስ አበባ ነው፣ ሶፌም ይሁን ሌላ። ከልቤ ነበር ያልኩት፤ የሐኪሟን ቃል ይዤ ነው የኖርኩት። እሱም አልተከራከረኝም፣ ነገ ጠዋት እንሄዳለን አለ።

ያን ጠዋት አልረሳውም። ሙቀቱ ገና አልጀመረም፣ ገበያው ለማስቃላ በጎችና ቅቤ ሞልቶ ነበር። ሻምበል እንደወትሮው አልቀለደም። አያታችሁን ከመጋረጃው ጀርባ አስገብቶ ደሙን ቀዳና ቱቦውን ይዞ ወጣ፤ መስኮቱ ላይ አቆመው። አንድ ክንዱን አጥፎ ደረቱ ላይ እንደያዘ ነበር፤ ምን ሆንክ ብለው ተወጋሁ አለኝ። የራሱን ወባ ሊመረምር ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በርጩማዬን ስቤ ተቀመጥኩ። ደሙን አየሁ፣ አየሁ። አይወርድም። ከላይ የጥፍር ያህል ጥሩ ውሃ ታየ፣ እዚያው ቆመ። እንደዚያ ከፍ ብሎ የቆመ ደም በዚያ መስኮት ላይ አይቼ አላውቅም ነበር። ሰዓቱ ሲሞላ ተመስገን ብዬ ተነሳሁ። አያታችሁ የዚያን ቀን ደጅ አልወጣም፤ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ቱቦውን አላየም፣ እኔን ነበር የሚያየኝ።

«እህስ፣ ቡላው ምን ይላል?» አለኝ።

ከጥርሱ ወዲህ እንዲህ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። ሶፌ ሂዱ ይላል አልኩት።

ወጣን። ገረሴ በዚያ ወቅት ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ፤ አደይ አበባው፣ ብርዱ፣ ከየቤቱ የሚወጣው የቅቤ ሽታ። እናታችሁ በሶፌዋ ቀን አንገቷን አቀርቅራ፣ ቅቤው ከፀጉሯ ላይ በፀሐይ እየቀለጠ ግንባሯ ላይ እየወረደ ገበያውን ስትዞር ሴቶች እልል አሉላት። አያታችሁ ከወንድሞቹ ፊት ቆሞ ነበር፣ በበኩሩ ቦታ። ሽማግሌዎቹ መጥተው እጁን ይዘው መረቁት። አለቀሰ። እኔ ስለ እናቱ መስሎኝ ነበር። መሐረቡን ከእጁ አልለየም፤ አፍንጫውን ይጠርግበታል፣ ብርዱ ነው ይላል፣ ወዲያው ጠቅልሎ ኪሱ ይከተዋል። እኔ ምን ብዬ መሐረቡን ልመርምር፤ ደሙን አይቼ ነው የመጣሁት።

ከሶፌው በኋላ ብዙም አልቆየም። ሥጋ ቀርቦ፣ ወንድሞቹ ከበውት ሲጫወቱ ሳለ ማሳል ጀመረ። መሐረቡ አልበቃውም። ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመው እየሮጡ እስከ መኪና መንገዱ አወረዱት፤ አንድ አይሱዙ የጫነውን ድንች አውርዶ እሱን ጫነ። እኔ ጭንቅላቱን ታቅፌ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ቁልቁለቱን ስንወርድ ጫሞ ከታች ታየን፣ ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ውሃ። ንዴቴን የማወርድበት ሰው አጣሁና ያንን ቱቦ ነበር የምረግመው። ዋሸን አልኩ፣ ያ ደም ዋሸን፣ ዓይኔ እያየ ዋሸን። እሱ መናገር ደክሞት ነበር፤ ያም ሆኖ እጄን ያዘኝ።

«ደሙን አትውቀሺው» አለኝ። «ሶፌዋን አይቻለሁ።»

አዲስ አበባ አልደረሰም። አርባ ምንጭ ደርሰን በዚያው ቀን አረፈ። ሬሳውን ወደ ገረሴ መልሰን ነው የቀበርነው፣ ከእናቱ አጠገብ። የማስቃላው ችቦ ገና አመዱ አልተጠረገም ነበር። እናታችሁ የሶፌዋን ቅቤ ከፀጉሯ ሳታጥብ አፈር ነሰነሰችበት።

ከዚያ በኋላ ስለኖርኩት ብዙ አልጽፍም። ሙዙን ለልጆች ተውኩት፣ ቡላ መሸጤን ቀጠልኩ። ቡላ ሲዘቅጥ ማየት ግን ብዙ ጊዜ ከበደኝ፤ ዕቃውን ከድኜ ዞር እላለሁ። ገበያ ላይ ሰው ደም ተመረመርኩ፣ ደህና ነው አሉኝ ሲለኝ፣ ደም አይታመንም እላለሁ፤ ባሌ ደሙ ደህና ብሎት በሳምንቱ ሞተ እላለሁ። ስንቱን እንዳስፈራራሁ እንጃ። ለሐኪሟም መልእክት ልኬላታለሁ፤ ደሙ ምንም አልተናገረም ብዬ። መልሳ አዝናለሁ አለችኝ፣ እንደዚያ የሚሆንበት ጊዜ አለ አለችኝ። ታላቅየዋ የልጅ ልጄም ይህን ስነግራት መጽሐፏን አገላብጣ፣ ዛሬም ቢሆን የዚያ በሽታ መመለስ በደም ብቻ ጠርቶ አይታወቅም፣ ሐኪሞቹ ገና ይከራከሩበታል አለችኝ። ሻምበልም ብዙ ሳይቆይ ላቦራቶሪውን ዘግቶ ከሲቀላ ጠፋ። ለለቅሶ መጥቶ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ነበር፣ ቀና ብሎ አላየኝም። ቱቦው ስላሳፈረው ነው ብዬ አዘንኩለት።

ዓመታት አለፉ። እናንተም ተወለዳችሁ። አንድ ጊዜ ምዕራብ ዓባያ የሩቅ ዘመድ ሞቶብኝ ለለቅሶ ሄድኩ። ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ከዘራ የያዘ፣ ፀጉሩ የነጣ ሰው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ድምፁን ስሰማ ነው ያወቅኩት። እዚያ ማንጎ ተክሎ እንደሚኖር ነገረኝ፣ ጉልበቱ እንደሚያመው ነገረኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። እኔም ሻምበል አልኩት። እንደዚያ የሚለኝ ከጠፋ ቆየ አለ። ሰዎቹ ለማስተዛዘን እየገቡ እየወጡ ነበር።

«እትዬ» አለኝ በመጨረሻ፣ «ያን ጠዋት መስኮቱ ላይ ያዩት ደም የኔ ነበር።»

ከዚያ ቀስ እያለ ነገረኝ። አያታችሁ በዚያ ጠዋት ዋዜማ ብቻውን መጥቶ ነበር፣ እኔ ገበያ ሳለሁ። ደሙ ወረደ፣ ሐኪሟ ካለችው ምልክትም አልፎ ወረደ። ሻምበል ዛሬውኑ ሂድ ብሎ ለመነው። እሱ ግን ባለፈው ጥርስ ነበር፣ አሁንም ጥርስ ይሆናል አለው፤ ካልሆነም ከሶፌው በማግሥቱ እሄዳለሁ ብሎ በእናቱ መቃብር ማለለት። ነገ ሚስቴ ትመጣለች አለው። ወረቀት ቢሆን ልዋሻት እችል ነበር፣ ቱቦውን ግን ራሷ ታነበዋለች አለው። ጤነኛ ደም ያስፈልግ ነበር፣ ሻምበልም ክንዱን ሰጠ።

አያታችሁ ግን በዋዜማው ቀን የራሱን ደም ሳያይ አልሄደም አለኝ። የኔን በርጩማ ስቦ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ ሰዓቱ እስኪሞላ ድረስ ሲወርድ ብቻውን አየው።